ላቀው ኤንትሬውን የጎተተ ዕለት

ባለፈው እሁድ ቆሰበር ሜዳ ላይ ለአንዲት ኩላሊቷን ለታመመች እናት መርጃ የሚሆን ዝግጅት ነበር። ከተማው በወረቀት እንጅባራ ነው፤ እኛ አሮጌዎቹ ግን አፋችን ስለለመደ ቆሰበር እንላለን። ጎረቤቴ ስንዱ በባጃጅ ወስዳ ከፊት ካሉት የፕላስቲክ ወንበሮች በአንዱ ላይ አስቀመጠችኝ። ትርኢቱን የሚያሳዩት ከጂም ቤት የመጡ ወጣቶች ናቸው አለችኝ። ደረታቸው ላይ የተጣበቀ ካናቴራ ለብሰዋል፣ ክንዳቸው በቅባት ያብረቀርቃል፤ ድምፅ ማጉያው እየጮኸ ሚኒባስ ሊጎትቱ ይዘጋጃሉ። ዋዜማውን ሲዘንብ ስላደረ ሣሩ ርሷል። አንደኛው ወጣት ገመዱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በአጠገቤ ሲያልፍ የረጠበ የቃጫ ገመድ ሽታ፣ ከተረገጠ ሣርና ከናፍጣ ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬ ገባ። ከዚያ በኋላ ሚኒባሱ ሄደ፣ አልሄደ፣ እኔ አላየሁም። ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጨብኩ። ስንዱ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ ደከመዎት እንዴ ስትለኝ እንኳ ራሴን ነቀነቅሁላት እንጂ እዚያ አልነበርኩም።

ያኔ ቆሰበር ከአንድ መንገድ ብዙም አትበልጥም ነበር። ከቡሬ በኩል የመጣ መኪና ከተማዋን ሰንጥቆ ወደ ዳንግላ ሲያልፍ ክረምት ከሆነ ጭቃ ይረጨናል፣ በጋ ከሆነ አቧራ ያለብሰናል፤ እኛም ቆመን መሄጃውን እናያለን። ቆርቆሮ የለበሰ ቤት እንደ ልዩ ነገር ይታያል፤ የቀረው ሣር ክዳን ነው፣ አጥሩ ሁሉ ቀርከሃ። ዝናቡ ዛሬም አልተወንም፤ የዚያን ጊዜው ግን ሌላ ነበር። ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ አንዱ ቀን ከሌላው ሳይለይ ይቀጥላል፤ ከሰዓት በኋላው ጉም ወርዶ በረንዳችን ሥር ይተኛል። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፣ ዳቦ ከታከለበት በስሙኒ። ወንዱ ደህና ቀን ካጋጠመው ተርጋል ሱሪ ያሰፋል፤ ካላጋጠመው ካኪውን አጥቦ ያንኑ ይለብሳል። ኮንጎ ጫማ ያደረገ ሰው ጭቃ ውስጥ ሲሄድ የሚያሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። ሻይ ቤቱ አንድ ቴፕ ነበረው። ባትሪው ሲደክም የዘፋኙ ድምፅ ይወፍርና ይጎተታል፤ እኛ ያን ጊዜ የወጡትን ዘፈኖች ሁሉ የተማርናቸው በዚያ በደከመ ድምፅ ነው። ከዓመታት በኋላ ዳንግላ ሄጄ ከሬዲዮ አንዱን ስሰማ ሌላ ሰው የዘፈነው መስሎኝ ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ያኛው ይሻለኝ ነበር።

እኔ በዚያን ጊዜ በሐጂ እንድሪስ ሱቅ በረንዳ ላይ ከአንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ እየተከልኩ፣ ጠርዝ እየጠቀለልኩ እውላለሁ። ሐጂ እንድሪስ አቡጀዲና ጨው፣ ሚስማርና ላምባ የሚሸጡ ነጋዴ ነበሩ፤ አንድ ያረጀ ኤንትሬ የጭነት መኪናም ነበራቸው። እሱን ከነሾፌሩ ጠዋት ወደ ገጠር ይልኩትና ማታ ላይ እህል ጭኖ እያቃሰተ ይመለሳል። ከሱቁ ፊት ለፊት የሚያራግፈው ደግሞ ላቀው ነው።

ላቀው ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ፣ እናትና አባቱን በልጅነቱ ያጣ፣ በዘመድ ቤት ያደገ ወጣት ነበር። ጉልበተኛ ሲባል ሰው ግዙፍ ይጠብቃል። እሱ ግን ቁመቱ መካከለኛ ነው፤ አንገቱ አጠር፣ ትከሻው ሰፋ ያለ ብቻ። አንድ ኩንታል ትከሻው ላይ አስቀምጦ ሌላውን በብብቱ ሲይዝ ፊቱ ላይ ምንም አይታይም፤ አረማመዱ እንኳ የተኛ ልጅ እንዳይቀሰቅስ እንደሚሄድ ሰው ነው። በገበያ ቀን ገበሬው ከቦት እስቲ አሳየን ሲለው ሳቅ ይልና የጣት ውፍረት ያለውን ፌሮ ጎንብሶ ያነሳል፤ እንደ አንገት ልብስ አንገቱ ላይ ይጠመዝዘዋል፤ ከዚያ መልሶ ያቃናዋል። አንድ ጊዜ ጨው የተጫነች አህያ ጉድጓድ ገብታ ባለቤቷ ሲጨነቅ ላቀው ሆዷ ሥር ገብቶ ከነጭነቷ ይዟት ወጣ። አህያዋ ግራ ገብቷት ዝም አለች፤ ገበያው በሙሉ ሳቀ። እንዲህ ያለ ነገር በሠራ ቁጥር ወደ በረንዳው አንዴ ቀና ይላል፤ እኔም በዚያች ቅጽበት ጣቴን በመርፌ እወጋለሁ። ከዚህ ያለፈ ነገር በመካከላችን አልነበረም። ለእኔ ግን ይህ ይበቃኝ ነበር፤ ቤት ገብቼ ጣቴን እያየሁ ደስ ይለኛል።

እናቴ ወይዘሮ አንጓች ማርና ቅቤ ትነግዳለች። አባቴ ከሞተ በኋላ እኔንና ታናሽ እህቴን ዘርፌን ብቻዋን አሳደገችን። አማርኛ ስትናገር ቃል እየመረጠች ነው፤ ስትቆጣና ስትወድ በአገውኛ ነው። ዘርፌ ገና ልጅ ነበረች፤ ቀጭን፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ፣ ትምህርት የምትወድ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ከወንዙ ማዶ ነው። በጋ ወንዙ ሴት ልጅ ቀሚሷን ሳትሰበስብ የምትሻገረው ነው። ክረምት ሲገባ ሰው ሁለት ግንድ ያጋድምበታል፤ ጎርፍ ይመጣና ይወስደዋል፤ ደግሞ ያጋድማሉ፤ ደግሞ ይወስደዋል። ልጆቹ ግንዱ በሌለበት ቀን እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሻገራሉ። ሁላችንም እንዲያ አድርገን ነው የተማርነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተደፋ። እኔ ለዘርፌ ገሳ ይዤላት ወንዝ ድረስ ወረድኩ፤ ገሳ ማለት ገበሬው ለዝናብ የሚደርበው የሣር ልብስ ነው። ስደርስ ልጆቹ ተያይዘው መሀል ገብተዋል። ውሃው ጉልበታቸው ድረስ ነበር፤ ከዚያ ከላይ በኩል ድምፅ ሰማሁ። ጎርፍ ሲመጣ የሚሰማው ድምፅ ከየትኛውም ነገር ጋር አይመሳሰልም። ልጆቹ ተበተኑ። አብዛኞቹ ወደ ዳር ተወረወሩ። ዘርፌን ውሃው አነሣት። ላቀው ከማዶ ካለው ወፍጮ ቤት ዱቄት ተሸክሞ ይመጣ ነበር፤ ኩንታሉን ጥሎ እንደቆመ ገባ። እስከ ደረቱ፣ እስከ አንገቱ ገብቶ ደረሰባት። ያዛት። ሁለታችንም፣ እኔ ከዳር፣ እሱ ከውሃው፣ ዳነች ብለን ነበር። የያዘው ግን ክንዷን ሳይሆን እጅጌዋን ነው። ያቺ በእናቴ እጅ የተሰፋች አበባ ያለባት ቀሚስ ነበረች። ጨርቁ ተቀደደ።

በማግሥቱ ከታች አገኟት። በለቅሶው ዳስ ውስጥ ላቀው ከሁሉም ርቆ፣ ዝናብ ከሚያፈስበት ጥግ ተቀምጦ ነበር። እናቴ ወደ ውስጥ እንዲገባ ሰው ላከችበት፤ አልገባም። ሣልስቱ ካለፈ በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ኩንታሉን ይጭናል፣ ያራግፋል። ነገር ግን በገበያ ቀን ሰው ሲከበው ጉልበት የለኝም ይላል። በቀልድ የሚለው መስሏቸው ይስቃሉ። ወደ በረንዳውም ቀና ማለቱን ተወ። እኔ ጥቁር ለብሼ ቁልፍ እተክላለሁ፤ መርፌው አንድ ቀን እንኳ አይወጋኝም።

የአደይ አበባው ከሜዳው ሳይጠፋ የከተማው ሰው ተሰብስቦ ድልድይ ካልሠራን አለ። የድንጋይ ድልድይ፣ ጎርፍ የማይወስደው። ካህናቱ ተስማሙ፣ ነጋዴው ተስማማ፣ የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ዝግጅት እናድርግና ሰው የሚችለውን ይዞ ይምጣ አለ። ፈረሰኞች ይጋልባሉ፣ ተማሪዎች ይዘፍናሉ፣ በመጨረሻም ላቀው የሐጂ እንድሪስን ኤንትሬ ይጎትታል ተባለ። ገጠሩ ለሌላው ነገር ባይመጣ ለዚህ ይመጣል። ሐጂ እንድሪስ መኪናውንም ናፍጣውንም ሰጥቻለሁ አሉ። ላቀውን ሲጠይቁት ግን እንቢ አለ። ዳይሬክተሩ ለመኑት፣ ቄሱ መከሩት፣ ሾፌሩ ሳይቀር በሻይ አባበለው። ድንጋይ ተሸከም በሉኝ፣ ጉድጓድ ቆፍር በሉኝ፣ ሰው ፊት ቆሜ ጉልበቴን ግን አላሳይም አላቸው። ለምን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ አፋቸውን ያዙ።

እናቴ ይህን የሰማችው ማር ስትሸጥ ከገበያ ነው። ቤት ገብታ ነጠላዋን አጣፋች፤ ከዘርፌ ሞት ጀምሮ ያልተለያትን ጥቁሩን ነጠላ። ተነሺ አለችኝ። ላቀው የሚያድረው ከሐጂ እንድሪስ መጋዘን ጀርባ ባለች የቀርከሃ ጎጆ ውስጥ ነበር። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። እናቴን ሲያይ ብድግ አለ፤ መቀመጫ ሊሰጣት ፈለገ፣ ከአንድ በርጩማ በስተቀር አልነበረውም። እሷ ተቀመጠች፣ እሱ ቆመ፣ እኔ ከአጥሩ ዘንድ ቀረሁ። ብዙ ነገር በአገውኛ ተባባሉ፤ ስለ ዘመዶቹ ጠየቀችው፣ ማን እንደሚያበስልለት ጠየቀችው። ከዚያ እኔም እንድሰማ ይሁን፣ ቃሉን መዝና ልትናገር ፈልጋ፣ አላውቅም፣ ወደ አማርኛ ተመለሰች።

‹‹ልጄ፣ ልወቅስህ አልመጣሁም›› አለችው። ‹‹ያን ቀን ከአንተ በቀር ውሃ ውስጥ የገባ ሰው የለም።››

‹‹እትዬ አንጓች፣ አንዲት ሕፃን መያዝ አቅቶኝ መኪና ስጎትት ሊያዩ ነው? ሰው ሲያጨበጭብልኝ እርስዎ የት ሊቀመጡ ነው?››

‹‹ከፊት እቀመጣለሁ›› አለች እናቴ።

ላቀው ገመዱን ዘርግቶ ያየዋል።

‹‹እኔን ፈርተህ እንደሆነ ተወው። ባትጎትት አልቀየምህም። ግን አስበው፤ ሰው ሳይመጣ ቢቀር፣ ድልድዩ ሳይሠራ ክረምት ቢገባ፣ በዚያ ዳስ ውስጥ የምትቀመጠው ሌላ እናት ናት። እሷንም ሄደህ ጥግ ላይ ልትቀመጥላት ነው?››

እናቴ መልስ አልጠበቀችም፤ ተነሥታ ወጣች። ከአጥሩ ስትደርስ ከኋላዋ እመጣለሁ ሲል ሰማሁት፤ ድምፁ እንደዚያ እንደ ሻይ ቤቱ ቴፕ ወፍሮ ነበር።

ያን የዝግጅቱን ዕለት ሳስብ እስከ ዛሬ ሕልም ይመስለኛል፤ አንዳንዱን አይቼው ይሁን ሲወራ ሰምቼው እንጃ። ከአዲስ ቅዳም፣ ከግምጃ ቤት፣ ከዳንግላ ሳይቀር ሰው በእግሩም በጋሪም መጣ። ፈረሶቹ ግንባራቸው ላይ ቀይ ክር አንጠልጥለው በጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ ይጠፋሉ፤ አንዳንዴ ፈረሱ ሳይታይ የቃጭሉ ድምፅ ብቻ ያልፋል። መግቢያው ላይ ገንዘብ የሌለው የያዘውን ይሰጣል። አንዷ እንቁላል በገለባ ጠቅልላ ታመጣለች፣ አንዱ ድንች በጆንያ፣ ሌላው የቀርከሃ ግንድ በትከሻው ተሸክሞ ይመጣና ጥግ ላይ አጋድሞ ይገባል። አንድ ሽማግሌ ዶሮ ይዘው መጡ፤ ዶሮዋ ከእጃቸው አምልጣ መሀል ሜዳ ስትሮጥ ሰው ሁሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ተማሪዎቹ ነጭ ሸሚዝና ሰማያዊ ጉርድ ለብሰው ዘፈኑ። የግማሾቹን ጉርዶች ጠርዝ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ።

ላቀው ካኪ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በባዶ እግሩ፣ ሸሚዙን አውልቆ መጣ። መጀመሪያ ፌሮውን አጠፈ። ከዚያ ተንጋልሎ ደረቱ ላይ ድንጋይ አስቀመጡ፤ አንድ ጠራቢ በመዶሻ መታው፤ ድንጋዩ ለሁለት ሲከፈል ሴቶች ዓይናቸውን ሸፈኑ። ቀጥሎ ሰፊ ሳንቃ አመጡና እላዩ ላይ የሚቀመጡ ልጃገረዶች ይምጡ ተባለ። ማን እንደገፋኝ አላውቅም፤ ራሴን ከሌሎች ጋር ሳንቃው ላይ አገኘሁት። ላቀው በእጅና በጉልበቱ ከሥራችን ገብቶ፣ በጀርባው ተቀብሎን፣ ቀስ ብሎ ተነሣ። የሜዳው ሰው ዝቅ እያለ ሄደ። የሰው ራስ፣ የፈረስ ጆሮ፣ ከዚያ ወዲያ የቀርከሃው ጫካ፣ ከዚያም ጉም። እንጨቱ ትንፋሹን ተከትሎ ሲነሣና ሲወርድ ከሥሬ ይሰማኛል። ልጃገረዶቹ እንኳ አልጮኹም። በሕይወቴ አውሮፕላን ላይ ወጥቻለሁ፤ ልጄ አዲስ አበባ ለሕክምና ወስዶኛል። እንደዚያ ሳንቃ ከፍ ያለ ቦታ ግን ደርሼ አላውቅም።

ኤንትሬው መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ ነበር። ገመዱን ከፊቱ ብረት አሰሩ፣ ላቀው ትከሻውና ደረቱ ላይ ጠመጠመው። ካፊያ ጀመረ። የመኪናው ጎማ ሌሊት በዘነበበት ሣር ውስጥ ትንሽ ሰምጧል፤ ሾፌሩ ወደ ደረቁ ላዙረው ብሎ ነበር፤ ላቀው ይቆይ አለው። ጎንበስ ብሎ ሳበ። አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ሳበ። የአንገቱ ሥር ተገተረ፣ እግሩ ሣሩን እየላጠ ጭቃ ውስጥ ገባ፣ ኤንትሬው ግን እንደ ቤት ቆሟል። ለሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር አዳልጦት በጉልበቱ ወደቀ። ዳይሬክተሩ ድምፅ ማጉያውን አንሥቶ ወንድማችን ዛሬ ደክሞታል፣ እስካሁን ላሳየን እናመስግነው ማለት ጀመረ። ላቀው ከወደቀበት አልተነሣም። የቆሰለ ትከሻውን ሳይሆን መዳፉን ነበር የሚያየው፤ ሁለቱንም መዳፎቹን ዘርግቶ። ምን እያየ እንደሆነ ከዚያ ሜዳ ላይ የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን፤ እሱ፣ እኔና እናቴ።

እናቴ ከፊት ወንበር ተነሣች። ሜዳውን ብቻዋን አቋረጠች፤ አጭር ሴት ነበረች፣ ሲያዩዋት ደግሞ ያን ቀን ይበልጥ አነሰች። ፊቱ ስትደርስ ጥቁሩን ነጠላ ከላይዋ አወረደች። ለወራት ያለሱ አይተናት አናውቅም። አጣጥፋ ገመዱ ቆዳውን ከላጠበት ትከሻ ላይ፣ በገመዱና በሥጋው መካከል አስገባችለት፤ እንዳይንሸራተት ዳርና ዳሩን ጠቀጠቀችው። አንድ ነገር በአገውኛ ተናገረችው። ከእሱ በቀር የሰማ የለም። ከዚያ ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም፤ ከፊቱ ትንሽ ርቃ ቆመች፣ ልጅ ቆሞ እንዲሄድ እንደምታለማምድ እናት ፊቷን ወደ እሱ አዙራ።

ላቀው ተነሣ። ገመዱን አጠበቀ። በዚህኛው ጊዜ አልዘለለም፣ አልነጠቀም፤ ሰውነቱን በሙሉ ወደፊት ጥሎ እንደተኛ ሰው ቆየ። ለረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ጎማው ከሣሩ ሲላቀቅ ጭቃው የሰጠው ድምፅ ተሰማ፤ ትንሽ፣ እንደ ሳል። መኪናው ተንቀሳቀሰ። እናቴ አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄደች። እሱ አንድ እርምጃ ወደፊት። እንዲህ እያሉ፣ እሷ ወደኋላ እየሄደች፣ እሱ እየተከተላት፣ ኤንትሬው ከኋላቸው እየተንገጫገጨ፣ ሊያደርሰው ከተባለበት ምልክት አልፈው እስከ ጎሉ እንጨት ድረስ ሄዱ። አጨብጫቢ የለም። ሽማግሌዎች ቆመው ነበር። ሐጂ እንድሪስ ቆባቸውን አውልቀው ይዘዋል። ላቀው ገመዱን ፈትቶ እናቴ እግር ሥር ተቀመጠ፤ እናቴም ጭቃው ላይ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ያን ጊዜ ነው ሰው ከነፈረሱ ሜዳውን የሞላው።

ድልድዩ በዚያው በጋ ተሠራ። ከተሰበሰበው ገንዘብ ይልቅ የረዳው የሰው ጉልበት ነው፤ ገበሬው ከየቀበሌው እየተነሣ ድንጋይ ያመላልስ ነበር፤ የሐጂ እንድሪስ መኪናም አሸዋ ሲጭን ባጀ። የመሠረቱን ትልልቅ ድንጋዮች ያስቀመጠው ላቀው ነው፤ ማንም እንዲያግዘው አልፈለገም። ክረምቱ ገብቶ የመጀመሪያው ጎርፍ በመጣ ቀን ከተማው ሁሉ ሊያይ ወረደ። ውሃው እየጮኸ መጣ፣ በቅስቱ ሥር አለፈ፣ ሄደ። ልጆቹ ከላይ ቆመው ጠጠር ይወረውሩበት ነበር። እናቴ ጥቁሩን ነጠላ ዳግመኛ አላደረገችውም፤ የት እንዳደረሰችው ጠይቄያት አላውቅም።

ከድልድዩ ምረቃ በኋላ አንድ ጠዋት እናቴ ሽማግሌዎች መጥራቷን ነገረችኝ። ላቀውን የጡት ልጅ ላደርገው ነው አለችኝ። በእኛ አገር ደንብ እናት በካህንና በሽማግሌ ፊት አውራ ጣቷን ማር ነክራ ታጠባዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ከማሕፀኗ እንደወጣ ይቆጠራል። እርሱም እናት የሌለው ሰው ነው፣ እኔም አንድ ልጅ ይጎድለኛል አለች። ምን ትያለሽ ብላ ጠየቀችኝ፤ ዓይን ዓይኔን እያየች። አሁን ሳስበው ታውቅ ነበር እላለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አታውቅም ነበር እላለሁ። ልጇን ከቀበረች ጀምሮ ፊቷ ሲፈካ ያየሁት ያን ጠዋት ነው። እንዴት አድርጌ እንቢ ልበላት? ደስ ይለኛል አልኳት። ከልቤ ነበር፤ ከልቤ መሆኑ ደግሞ አልቅሼ እንዳላድር አላደረገኝም።

በዕለቱ ላቀው አዲስ ቴትሮን ሸሚዝ ለብሶ መጣ፤ ቁልፎቹን የተከልኩለት እኔ ነኝ። ተንበርክኮ ከእናቴ ጣት ማር ተቀበለ። ሲነሣ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ወደ እኔ ቀና አለ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ልጅ ሆነ። እንጨት ይፈልጣል፣ ማሩን ገበያ ያደርሳል፣ ጣራ ያድሳል። በኋላ እኔ አንድ ደግ ዳንግላዊ አግብቼ ሄድኩ፣ እሱም ከግምጃ ቤት ሚስት አገባ፤ በየቤታችን ልጆች ወለድን፣ አሳደግን፤ እኔ ወደ ቆሰበር የተመለስኩት ካረጀሁ በኋላ ነው። እናቴን እትዬ ማለቱን ትቶ እማ ይላታል። እኔን ግን ሁሉ ጊዜ በስሜ ነበር የሚጠራኝ። እኔም በስሙ። በዓል ሲሆን ሰዎች ወንድምሽ መጣ ይሉኛል፤ እሺ እላለሁ፣ ራሴ ግን ቃሉን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር።

ዛሬ ላቀው ግምጃ ቤት ከልጁ ጋር ይኖራል፤ በከዘራ ነው የሚሄደው። እሁድ ዕለት ከሜዳው ተመልሼ ስልክ ደወልኩለት። ኔትዎርኩ እየተቆራረጠ ሚኒባስ ስለጎተቱት ወጣቶች ነገርኩት። ስለ ገመዱም፣ ስለ ጡንቻቸውም አልጠየቀኝም፤ ለታመመችው እናት የሚበቃት ተገኘ ወይ ብሎ ጠየቀ። የሚበቃ ባይሆን እንኳ ጥሩ ነው አልኩት። ከቤት ጤፍ ልኬ ልጨምር፣ ማንን ላናግር አለኝ። ሌላውን ሳልሰማ ተቋረጠ።

እናቴ የሞተችው ድልድዩ ከተሠራ ብዙ ዘመን ቆይታ፣ አርጅታ፣ የልጅ ልጆቿን አቅፋ ነው። መቃብሯ ከማዶ ባለው ቤተ ክርስቲያን፣ ከዘርፌ አጠገብ እንዲሆን ተናዝዛ ነበር። ላቀው ያን ጊዜ ወገቡ መጉበጥ ጀምሯል። ቃሬዛው ሲነሣ ፊተኛውን ቀኝ ትከሻ ያዘ። በእኛ ዘንድ ወንዶቹ በየመንገዱ ይቀባበላሉ፤ አንዱ ጥቂት ይሄድና ለሌላው ያስረክባል። ሌሎቹ እንዲያ አደረጉ። እሱን የእናቴ የእህት ልጅ፣ ጎረቤት፣ የዕድሩ ሰዎች ተራ በተራ እየመጡ አምጣ ደክሞሃል አሉት። ‹‹አይደለም፣ እኔ ነኝ የማደርሳት›› ይላል ለሁሉም። ቁልቁለቱን ወርደን ድልድዩ ላይ ደረስን። ዝናብ ነበር፣ ከሥራችን ውሃው ሞልቶ ይሄዳል። መሀል ላይ ካህናቱ ጸሎት ለማድረስ ቆሙ። ሌሎቹ ትከሻ ቀየሩ። እሱ እንደቆመ ቆየ፤ ፊቱን ወደ ውሃው አላዞረም፤ ወደ ማዶ ብቻ ይመለከት ነበር።

ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቄሱ የመጀመሪያውን አፈር ልጆቿ ይጨምሩ አሉ። የመጡት ዘመዶች ከብበውኝ፣ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጥዬ ቆሜ ነበር። ላቀው ሰዉን ከፍሎ መጣ። ትከሻው ላይ የቃሬዛው እንጨት የሠራው መስመር ሸሚዙን አልፎ ይታያል። እጁን ዘረጋልኝ፤ ያን ትልቅ መዳፉን።

‹‹ነይ፣ እህቴ›› አለኝ።

በዚያን ጊዜ ልቤ ውስጥ ለብዙ ዘመን ተይዞ የቆየ አንድ ነገር ሲለቀቅ ተሰማኝ፤ ሕመም አልነበረውም። እጁን ያዝኩት።

‹‹መጣሁ፣ ወንድሜ›› አልኩት፤ አብረን ጎንበስ ብለን አፈሩን አነሣን።